ደብተሩን አውጡት

የምሳ ሰዓት ነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጥር ውጪ ካሉት የላስቲክ ሻይ ቤቶች በአንዱ አምስት ሆነን ተቀምጠናል፤ የኒኮላስ ፔፔን ዝውውር ለሺህኛ ጊዜ እየበለትን። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2019 በ72 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ከአራት ዓመት በኋላ በነፃ ለቀቀው። ጥፋቱ የማን ነው? የአሰልጣኙ? የመልማዩ? ወይስ ቼኩን የፈረመው ሰውዬ? ጋሼ፣ የፋብሪካው ሰርቪስ ሹፌር፣ "ልጁ ምንም አልነበረበትም፤ ያለ ቦታው ነው የገዙት" ይላሉ። መካኒኩ "አቦ ጋሼ ተዉን! በዚያ ብር ሦስት ተጫዋች ይመጣ ነበር" ይላቸዋል። ከዚያ የከቲንጉ ልጅ ፍርፍሩን ጎርሶ ሲያበቃ ነገሩን ከሥሩ ያስረዳል። የዝውውር ዋጋ በአንድ ጊዜ ወጪ ሆኖ አይመዘገብም፤ በውሉ ዓመታት ተካፍሎ ነው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው። አምስት ዓመት ካስፈረምከው በዓመት 14 ሚሊዮን ምናምን ነው። ውሉ ሳያልቅ በነፃ ከሸኘኸው የቀረው ሒሳብ በአንዴ ኪሳራ ሆኖ ይመጣብሃል።

አሞርታይዜሽን ነው የሚያስተምረን። አካውንቲንግ ያልተማረ፣ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ሲቆርጥ የሚውል ልጅ። ልክ ነው ደግሞ፤ ቤት ገብቼ አጣርቻለሁ።

ይህን የምነግራችሁ ልሳለቅበት አይደለም። "የአገሩን ኳስ ረስቶ ለለንደን ክለብ የሚያለቅስ ትውልድ" የሚለውን ስብከት እየሰማን ነው ያደግነው። እኔ ራሴ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ ንስሐ አልገባበትም፤ ንስሐው በየሚያዝያው ይበቃኛል። ሰው ጥሩ ኳስ ያየበትን ይወዳል፣ በቃ። ያ ስብከት ደግሞ ዋናውን ነገር ይስታል። እነዚህ ሰዎች የሚያዩት ኳስ ብቻ አይደለም። ሒሳብ ይመረምራሉ። አስተዳደር ይገመግማሉ። በዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ተራ ሰው ያለ ፍርሃት፣ ያለ ይሉኝታ፣ በቁጥር ተደግፎ "ይህ ኃላፊ ገንዘብ አባክኗል፣ ይነሳ" ሲል የምሰማው እዚህ ላስቲክ ቤት ውስጥ ነው።

ችግሩ ይነሳ የሚባለው ሰውዬ ለንደን ነው ያለው። እኛን አይሰማም፣ የእኛን ብርም አልነካም። ብራችንን የሚነኩት እዚሁ ናቸው። እነሱን ግን አንጠይቅም።

ክሴ ይኸው ነው፤ ከከሳሾቹም ከተከሳሾቹም አንዱ እኔው ነኝ።

*

በምህንድስና ተመርቄ ኮድ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። ቦሌ ለሚ መንግሥት ከሠራቸው ኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ሥራ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። እዚያ ውስጥ ላለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የምርት መከታተያ ሲስተም እሠራለሁ። በሲስተሜ ውስጥ እያንዳንዷ ኦፕሬተር ቁጥር አላት። ኮሌታ ለመግጠም የተመደበላት ጊዜ በሰከንድ ተለክቷል። በየሰዓቱ ስንት ፒስ እንዳወጣች፣ ስንቱ ተበላሽቶ እንደተመለሰ፣ ማሽኗ ስንት ደቂቃ እንደቆመ ይመዘገባል። ታርጌት ካልሞላች የላይኗ ስክሪን ላይ ቁጥሯ ይቀላል። ያንን ቀይ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ አልኮራበትም።

አንድ ነገር ግን አስተምሮኛል፦ መቁጠር ከባድ ሥራ አይደለም። መቁጠር የሚከብደው መቁጠር ያልተፈለገ ጊዜ ነው። ገና ከገጠር የመጣችን የሃያ ዓመት ልጅ በሰከንድ መቁጠር ከተቻለ፣ በሚሊዮን ብር የሚንቀሳቀስን የእግር ኳስ ክለብ በዓመት አንድ ጊዜ መቁጠር አይቻልም የሚለኝ ሰው እየዋሸኝ ነው።

እስቲ የፕሪሚየር ሊጋችንን ክለቦች ስም ብቻ አንብቡ። ሐዋሳ ከተማ። አዳማ ከተማ። ድሬዳዋ ከተማ። ባሕር ዳር ከተማ። ባለቤታቸው ማን እንደሆነ ስማቸው ላይ ተጽፏል። መቻል የመከላከያ ነው። የ2016 ዓ.ም.ን ዋንጫ የወሰደው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017ን የወሰደው የኢትዮጵያ መድን፤ ሁለቱም የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው። ጊዮርጊስና ቡና ሕዝባዊ መሠረት ይዘው የመጡ ክለቦች ናቸው፤ እነሱ ለአባሎቻቸውና ለደጋፊዎቻቸው ይመልሱ። የሊጉ ትልቁ ክፍል ግን የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደር በጀትና በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው። ማለትም በግብር። ማለትም ከጋሼ ደሞዝ ላይ በሚቆረጠው፣ ሻይ ቤት ውስጥ ስኳር ስንገዛ በምንከፍለው።

ታዲያ አምስታችንም የማናውቀውን የአንድ የአሜሪካ ባለሀብት ገንዘብ እንዴት እንደባከነ ስንከራከር ምሳ ሰዓታችን ያልቃል። የራሳችን ገንዘብ እንዴት እንደወጣ አንድም ቀን ተከራክረን አናውቅም።

"ስለማይመለከታችሁ ነው" ልትሉኝ ትችላላችሁ። አይደለም። መከራከሪያ ስለሌለን ነው። ስለ አርሰናል የምናወራው እኛ ስለጎበዝን ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ሕግ ማንኛውም ኩባንያ ዓመታዊ ሒሳቡን ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት እንዲያስገባ ያስገድዳል፤ መዝገቡንም ቦሌ ለሚ ሆነህ በስልክህ በነፃ ከፍተህ ታነበዋለህ። የክለቡ ጠቅላላ የደሞዝ ወጪ እዚያ አለ። ኪሳራው እዚያ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ኤቨርተን በሦስት ዓመት ውስጥ ከተፈቀደው የ105 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ 19.5 ሚሊዮን አልፈሃል ተብሎ 10 ነጥብ ሲቀነስበት፣ በይግባኝም ወደ 6 ሲወርድለት፣ የእኛ ሻይ ቤት ውሳኔውን መስመር በመስመር ተከራክሮበታል። መዝገብ ስላለ ቅጣት መጣ፤ ቅጣት ስላለ ወሬው ክብደት አገኘ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላርም፤ እኔም የተሸነፍኩበት ክርክር ነው። "ሳካ በሳምንት ይህን ያህል ይበላል" ብለን የምንምልበት ቁጥር የጋዜጠኞች ግምት ነው። እንግሊዝም ቢሆን የአንድን ተጫዋች ደሞዝ በሕግ አታሳትምም። የሚታተመው ድምሩ ነው። ስለዚህ እኔ የማንንም ልጅ ኪስ እንዲዘረገፍ አልጠይቅም። ድምሩን ነው የምጠይቀው።

የአንድ የሊጋችንን ክለብ በኦዲተር የተፈረመ ዓመታዊ ሒሳብ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። እኔ ፈልጌያለሁ። ያገኘሁት "ክለቡ በአዲስ መንፈስ እየተዘጋጀ ነው" የሚል ዜና ነው።

*

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። የደሞዝ ጣሪያ ይሉታል። በዚያው ክረምት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጸደቀ። አዋጁ ውስጥ የደሞዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንደሚቋቋም ተጽፏል። ጣሪያው በአንድ ስብሰባ መጣ። ወለሉ ዓመታት አልፈውም አልደረሰም። ፓርኩ ውስጥ ያለችው ኦፕሬተር ወለል የላትም፤ ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ጣሪያ ተወሰነበት። ሁለቱንም የሚያስተዳድራቸው አንድ ዓይነት አስተሳሰብ ነው፦ የሚሠራው ሰው ይለካ፣ የሚያሠራው ሰው ይታመን።

በጣሪያው መርሕ ደረጃ አልጣላም። ክለቦች ከአቅማቸው በላይ ከፍለው መሃል መንገድ ላይ ሲቆሙ አይተናል። ግን ኮድ የሚጽፍ ሰው የሚያውቀው ሕግ አለ፦ ሎግ የሌለው ገደብ ገደብ አይደለም። "ከዚህ በላይ አትክፈል" ብለህ የተከፈለውን ካላየህ፣ ያገድከው ክፍያውን ሳይሆን ደረሰኙን ነው። ብሩ በሌላ በር ይወጣል። "በወረቀት 50፣ በእጅ ሌላ" የሚለው ወሬ ስፖርት ሚዲያው ላይ ለዓመታት ሲነገር የኖረው ለዚህ ነው። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት እኔና አንተ የምናረጋግጥበት መንገድ የለንም። ጥሩ ክለብም መጥፎ ክለብም እኩል ይጠረጠራል። ደብተሩን ቢያወጣ መጀመሪያ የሚጠቀመው ሐቀኛው ክለብ ነበር።

"ይህ ሁሉ ወረቀት ነው፤ ኳስ ሜዳ ላይ ነው" የሚል ይኖራል። እሺ፣ ወደ ሜዳ እንሂድ።

በ2005 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዋልያዎቹ ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ የጎረቤታችን ቲቪ ፊት ሰላሳ ሰው ነበርን። ብራዚል ልንሄድ ነው ብለን መንገድ ላይ ወጣን። በዚያው ሰሞን ነው ጉዱ የተሰማው። ከሳምንት በፊት ቦትስዋናን ከሜዳዋ 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ጨዋታ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ስለነበረበት መሰለፍ አልነበረበትም። ፊፋ ድሉን 3 ለ 0 ሽንፈት አደረገው። 13 ነጥብ የነበረን 10 ቀረን። በመጨረሻው ጨዋታ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን እንደምንም ምድቡን ጨረስን፤ በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ አስቀረችን።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ተጫዋች ይጫወታል፤ ካርድ የሚቆጥረው ቢሮ ነው። አንድ አገር በታሪኳ ለዓለም ዋንጫ እንደዚያ ቀርባ አታውቅም ነበር። ሊያሰናክላት የደረሰው የታክቲክ ድክመት አልነበረም። ሁለት ቢጫ ካርድ መደመር ነበር። አንድ ሲደመር አንድ። ይህን የሚሠራ ኮድ እኔ አሥር ደቂቃ ይበቃኛል፤ ለዚያውም ሻዬን እየጠጣሁ። ወረቀትና ሜዳ ሁለት ነገር ናቸው የምትል ወንድሜ፣ ያንን ሰኔ አስታውስ።

*

ወደ ተስፈኛ ተጫዋቾች ልምጣ፤ ደጋፊ ከምንም በላይ የሚወደው ወሬ ነው። "ይህ ልጅ የት ይደርሳል?"

በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አገባ። የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ነው የሰበረው። ያ የውድድር ዘመን ሊጉ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ የጀመረበት ነው። በቀጣዩ ዓመት ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። እዚያ ጉዳት ተደጋገመበት፤ ያ የኳስ ዕጣ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ከእሱ በፊት ካሜራ በሌለበት ጭቃ ላይ ያገቡ ስንት ልጆች ነበሩ? ማን ጻፋቸው? የታየ ልጅ ዋጋ አገኘ፤ ያልታየው ደላላ እጅ ላይ ቀረ። ስታቲስቲክስ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ድሃ አገር ውስጥ ላለ ተጫዋች ብቸኛው ምስክሩ ነው።

ሎዛ አበራን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫወተች፤ ተመልሳ ለንግድ ባንክ ጎል አዘነበች፤ በ2024 ደግሞ አሜሪካ ዲሲ ፓወር ገባች። ከዚህች አገር ወጥተው ሁለት አህጉር ላይ በሙያቸው የተጫወቱ ስንት ናቸው? በሻይ ቤታችን ውስጥ ግን ስለ እሷ ዝውውር ክርክር ተነስቶ አያውቅም። ፓርኩ ውስጥ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንዷ የላይን ሱፐርቫይዘር በአንድ ቀን ክርክራችንን ሰምታ "እናንተ ሰዎች ሎዛን ታውቋታላችሁ?" አለችን። አዎ አልናት። "የት ነው የምትጫወተው?" ስትለን ሦስታችን ማልታ አልን። ከሄደች ዓመታት አልፈው ነበር። ሼም ነው። ለፌዴሬሽን የምወረውረውን ድንጋይ አንድ ለራሴ ማስቀረት አለብኝ።

አሁን ደግሞ ገንዘቡን ተመልከቱ። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዘዋወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ይህን የሚያከፋፍል ራሱን የቻለ የክፍያ ተቋም አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ ከአገሩ ፌዴሬሽን መዝገብ ተወስዶ የኤሌክትሮኒክስ ፓስፖርት ይወጣለታል፤ ብሩ በዚያ መሠረት ይሄዳል። ልብ በሉ፦ በመዝገብ መሠረት። ጎሮ ወይ አራብሳ ሜዳ ላይ አንድን ልጅ ከ12 እስከ 16 ዓመቱ በራሱ ኳስና በራሱ ትንፋሽ ያሠለጠነ ሰው፣ ቡድኑ ካልተመዘገበና የልጁ ስም የትም ካልሰፈረ፣ ልጁ ነገ በሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ አምስት ሳንቲም አያገኝም። ይህ የፊፋ ተንኮል አይደለም። የእኛ ደብተር ባዶ መሆን ነው።

*

የከቲንጉን ልጅ፣ አሞርታይዜሽን ያስተማረንን፣ "ስድስት ቁጥር" ነው የምንለው። ሜዳ ላይ ቦታው እዚያ ነበር። ሁለት ዓመት በከፍተኛ ሊግ በአንድ ከተማ ክለብ ተጫውቷል። የክለቡን ስም አትጻፍ ስላለኝ አልጽፈውም።

አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እንዲሁ ጠየቅሁት።

"ስንት ዓመት ነበር የፈረምከው?"

"ሁለት መሰለኝ።"

"መሰለኝ ማለት?"

"ሁለት ብለው ነው የነገሩኝ። ወረቀቱ እነሱ ጋ ነው።"

"ቅጂ አልሰጡህም?"

"በኋላ ትወስዳለህ አሉኝ ኢንጂነር። በኋላማ ጉልበቴ ሄደ።"

ጉልበቱ ሲጎዳ ቀድሞውኑ የአምስት ወር ደሞዝ አልተከፈለውም ነበር። ሊጠይቅ ሲሄድ ውልህ አልቋል ተባለ። አልቆ ይሁን አይሁን ዛሬም አያውቅም። የፔፔን ውል ከየትኛው ክረምት እስከ የትኛው ክረምት እንደሆነ በቃሉ የሚያውቅ ልጅ የራሱን አያውቅም። በሰው አገር ተጫዋች ስለባከነው ገንዘብ የሚናደድ ልጅ ለራሱ አምስት ወር አልተናደደም።

"ለምን አልከሰስክም?" አልኩት።

"ከዚያ ማን ያስፈርመኛል?" አለኝ። "አስቸጋሪ ነው ይባላል። አሰልጣኞቹ ሁሉም ይተዋወቃሉ።"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በዚህ ስፖርት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው። ተጫዋቹ ሌላ ክለብ እንዳያጣ ይፈራል። አሰልጣኙ ሦስት ጨዋታ ተሸንፎ እንዳይባረር ይፈራል። ጋዜጠኛው ነገ ስልክ የሚያነሳለት ሰው እንዳያጣ ይፈራል። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ የሾመውን ባለሥልጣን ይፈራል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ምንም የማይፈራ፣ ማንም ሊያባርረው የማይችል፣ ደሞዙን ከኳስ የማያገኝ አንድ ሰው ብቻ አለ። ደጋፊው ነው። መጠየቅ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ኦልድ ትራፎርድን እየጠየቀ ነው።

ደጋፊው የራቀው በራሱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ይህንንም መናገር ፍትሕ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ ለዓመታት በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ክለቡን ለማየት አዳማ ወይ ሐዋሳ መሳፈር ነበረበት። ብሔራዊ ቡድኑም ለዓመታት "በሜዳው" ይጫወት የነበረው ሰው አገር ነው፤ በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነበር፤ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ ስላልነበረን። ክለብህን በአካል ካላየኸው ትረሳዋለህ። ስትረሳው አትጠይቅም። ካልጠየቅህ ደግሞ ሜዳውን የሚያስጨርስ ሰው አይኖርም። ይህ ክብ እንዲሰበር የሆነ ሰው ከሆነ ቦታ መጀመር አለበት።

*

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ጋሼ ሁሉንም አንስተውብኛል።

"ገንዘብ የሌለው ክለብ ምን ሒሳብ ያወጣል?" አሉኝ። ጋሼ፣ ገንዘብ የሌለው ነው ይበልጥ መቁጠር ያለበት። ሚሊየነር ሺህ ብር ቢጠፋው አያየውም።

"ቢያወጡትስ ማን ያነበዋል?" አሉኝ። ስድስት ቁጥር ያነበዋል። የኤቨርተንን ውሳኔ ያነበበ ሰው የከተማውን ክለብ ሁለት ገጽ አያነብም? ሶከር ኢትዮጵያን የመሳሰሉ ገጾች የሊጉን ውጤትና ዝውውር ከዓመት ዓመት ሲከታተሉ አንባቢ ያጡበት ጊዜ የለም። አንባቢው አለ። የሚነበበው ነው የጠፋው።

"ፖለቲካ ይሆንብሃል" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ይኼኛው ላይ መልሴ ቀስ ያለ ነው። ማንንም ሌባ አላልኩም። ማንም ይውረድ አላልኩም። የምፈልገው በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ሰንጠረዥ ነው። ከአስተዳደሩ ስንት ብር መጣ? ለተጫዋች ደሞዝ በድምሩ ስንት ወጣ? ለደላላ ስንት? ያልተከፈለ ደሞዝ ስንት ወር አለ? ስንት ተጫዋች የውሉን ቅጂ በእጁ ይዟል? ከታዳጊ ቡድን ስንት ልጅ አደገ፣ ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ስድስት መስመር። እኔ በሲስተሜ ውስጥ ለአንዲት ኦፕሬተር በአንድ ሰዓት የምሰበስበው ከዚህ ይበዛል።

ይህን ለመጠየቅ ደግሞ አብዮት አያስፈልግም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይላል፤ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜም 30 ቀን አድርጎ ወስኗል። ክለቡ "እኔ የመንግሥት አካል አይደለሁም" ቢል፣ በጀቱን የሰጠው ከተማ አስተዳደር እንደዚያ ማለት አይችልም። ከከለከለህ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ስምህን፣ አድራሻህን፣ ስድስቱን ጥያቄ።

እኔ ጽፌዋለሁ። ስድስት ቁጥር ይጫወትበት ለነበረው ከተማ አስተዳደር። አተምኩትና ሻይ ቤት ይዤ ሄድኩ። መካኒኩ ፈረመ። ጋሼ ትንሽ አንገራግረው መነጽራቸውን አውጥተው ሁለቴ ካነበቡት በኋላ ፈረሙ። ያቺ ሱፐርቫይዘር "ሎዛን ሳታውቁ ደብዳቤ ጀመራችሁ?" ብላ ስቃብን ፈረመች።

ስድስት ቁጥር ወረቀቱን ይዞ ቆየ። ከዚያ መለሰልኝ።

"ክረምቱ ይለፍ ኢንጂነር" አለኝ። "ጉልበቴ ተሽሎኛል። አንድ አሰልጣኝ ደውሎልኝ ነበር፤ ዝውውሩ እስኪዘጋ ስሜ ባይኖርበት ይሻለኛል።"

አልተጫንኩትም። እንዲያው ስሙ እንዳይወጣ ደብዳቤው ላይ ስለ እሱ የሚያመለክት ነገር ካለ ደግሜ አየሁ። የለም። እሱ መፈረም የለበትም፤ የሚያጣው ነገር አለ። እኛ ነን የምናጣው የሌለን።

ደብዳቤው በነጋታው ገብቷል። ቀኑን እየቆጠርኩ ነው፤ መቁጠር ሥራዬ ነው። እናንተም የምትኖሩበት ወይ የተወለዳችሁበት ከተማ ክለብ አለው። ዛሬ ማታ ስለ ዝውውሩ ተከራከሩ፤ እኔም እከራከራለሁ። ነገ ጠዋት ግን ያችን አንድ ገጽ ጻፉ።